የፔልቶ ዜሮ

ማርኒ የአውራጃውን የጤና ሠንጠረዥ ከፍታ፣ ፔልቶ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ዓይኗን ቶሎ አሻገረች። ፔልቶ ውስጥ በአራት ዓመት ስልሳ አንድ እናቶች ወልደው የአራሶችን መጠይቅ ሞልተዋል። ከመካከላቸው ጭንቀት ወይም ድባቴ የተገኘባቸው ስንት ናቸው ለሚለው መልሱ ዜሮ ነው። በመላው አውራጃ እንዲህ ያለ ቁጥር ያመጣ ከተማ የለም። አለቃዋ አይታው «ምን ዓይነት የታደሉ ሰዎች ናቸው፣ ውኃቸው ውስጥ ምን ጨምረው ነው የሚጠጡት?» ብላ ስቃ ነበር። ማርኒም አብራት ሳቀች። ያን ሳቅ ባሰበችው ቁጥር ፊቷ ይግላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራጃው ቤት ለቤት እየዞሩ የወለዱ እናቶችንና ሕፃናትን የሚያዩ ሦስት ነርሶች ነበሩት፤ ለሚቀጥለው አምስት ዓመት የተመደበው በጀት የሚበቃው ግን ለሁለት ብቻ ነው። የእናቶችንና የሕፃናትን የጤና ዕቅድ የምታወጣው ደግሞ ማርኒ ናት። በስሜት መወሰን ይቅር፣ ቁጥር ይወስን የሚለውን ደንብ ያመጣችውም ራሷ ናት። ችግር የበዛበት ከተማ ነርስ ያገኛል፣ ዜሮ የሆነው ነርሷን ይለቃል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው፣ ማን ይቃወመዋል? ረቂቁ ላይ የፔልቶዋን ነርስ ሰረዘችና ለአውራጃው ቦርድ ላከችው።

ቁጥሩ ውሸት መሆኑን ግን ታውቅ ነበር። ትጠረጥር ነበር አላልኩም፤ ታውቅ ነበር። እሷም የፔልቶ ልጅ ናት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ክሊኒክ መስኮት ፊት ቆማ ዜሮ ሞልታለች።

ያኔ ልጇ ኤልሲ የስድስት ሳምንት ጨቅላ ነበረች። ባሏ ማዕድን ጫኝ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ሐይቁ በረዶ እስኪሆን ቤት አይገባም። ማርኒ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሰንብታለች፤ ልጅቷ ስታለቅስ አብራ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ዝም ስትል እሷ ትቀጥላለች። ከክሊኒኩ ቀጠሮ በፊት በነበረው ጠዋት ሕፃኗን መኪና ውስጥ አስተኝታ፣ ማዕበል ለመከላከል ሐይቁ ውስጥ በተደረደረው ድንጋይ ላይ እስከ ጫፉ ሄዳ ረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። ምን እያሰበች እንደቆመች ለራሷ እንኳ በቃል ተናግራው አታውቅም። የመለሳት የልጅቷ ለቅሶ ነው።

መጠይቁ አስር ጥያቄ አለው። አስረኛው ራስሽን ስለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። ማርኒ በእርሳስ እውነቱን አክብባ ቀና ስትል ከመስታወቱ ወዲያ ወረቀት የምትቀበለው ሴት ፈገግ ብላ እያየቻት ነው። ሴትዮዋ ኢርማ ናት፣ የገዛ እናቷ። ኢርማ እዚያ መስኮት መቀመጥ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ሲታመምም ሲወልድም በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

«አስረኛዋን ደህና አድርገሽ አስቢባት የኔ ልጅ» አለቻት፣ ለሁሉም እንደምትለው። «ይሄ ወረቀት ሩቅ ነው የሚሄደው።»

ማርኒ ላጲሱን አነሳች። ያከበበችውን አጥፍታ «በፍጹም» የሚለውን አከበበች። ኢርማም ወረቀቱን ተቀብላ «ጎበዝ» አለቻትና ማህደሯ ውስጥ ከተተችው።

ያዳናት እንግዲህ ወረቀቱ አይደለም። ከሦስት ቀን በኋላ ግዌን የምትባል ነርስ ሚዛኗን በብብቷ ይዛ በሩን አንኳኳች፣ ሕፃን ልመዝን ነው ብላ። መዘነች። ከዚያ የተከመረውን ዕቃ አጠበች፤ ከዚያ ተቀምጣ የቀዘቀዘ ቡና እየጠጣች ስለ ውሻዋ አመል አወራች። ክረምቱን ሙሉ በየሐሙሱ መጣች። በአስራ አንደኛው ሐሙስ ማርኒ አፏን ከፈተችና የድንጋዩን ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ግዌን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይዛት ሄደች። ይኸው ማርኒ በሕይወት አለች፣ ኤልሲም ሦስተኛ ክፍል ገብታለች።

አሁን ከፔልቶ የተሰረዘችው ነርስ ይህችው ግዌን ናት።

ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ዜሮው ሐሰት ነው ብትል በምን አወቅሽ ይሏታል፤ በምን አወቅሽ ሲሏት ደግሞ ያንን ድንጋይ መናገር ሊኖርባት ነው። ፈራች፣ ሌላ ስም የለውም። ፍርሃቷን ሠንጠረዥ ውስጥ ደበቀችውና ሠንጠረዡ ወሰነ አለች።

ረቂቁ በወጣ በሁለተኛው ቀን ግዌን ቢሮዋ መጣች። ጫማዋ ላይ ያለውን በረዶ አራግፋ፣ የሹራብ ቆቧን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አነበብኩት» አለች። «ጥሩ ተጽፏል። ድሮም ጎበዝ ነሽ። ቀለም የተቀቡት የሠንጠረዡ ሣጥኖች በተለይ ያምራሉ።»

«ግዌን፣ እኔ እኮ...»

«ቆይ ልጨርስ። ስለ እኔ አትጨነቂ፣ ጡረታዬ ደርሷል፣ ዓሣ ላጠምድ ነው። ዓሦቹ ናቸው መጨነቅ ያለባቸው።» ፈገግ አለችና ወዲያው ተወችው። «ሼልቢን ታውቂያታለሽ? አሆ መንገድ መጨረሻ ላይ የምትኖረውን?»

«በስም።»

«ልጇ አስራ አንድ ሳምንቷ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስሄድ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፣ ሕፃኗ ሶፋ ላይ ተኝታለች፣ እሷ ካፖርቷን ለብሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የት ልትሄጂ ነው ብላት፣ የትም አለችኝ። ከሚቀጥለው ወር በኋላ ማን ይሂድላት? እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ማርኒ ከአፏ የወጣውን ቃል ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። «መጠይቁ ላይ እኮ ዜሮ ነው የሞላችው» አለች።

ግዌን ለአፍታ አየቻት። የተቆጣች አትመስልም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«አንቺም ዜሮ ነበርሽ» አለቻትና ተነስታ ሄደች።

ማርኒ በሩን ዘግታ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እስከ ማምሻው ድረስ አንድ ቃል አልጻፈችም። የሼልቢን ካፖርት ነው የምታስበው። እሷም ያኔ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሳ ትውል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዷ እናቷ ቤት ለሳውና፣ ለእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሄደች። ፔልቶ ውስጥ ቅዳሜ ሳይታጠቡ እሑድን መቀበል ነውር ነው፤ የተጣላም፣ የታመመም፣ ያዘነም ቢሆን ይገባል። እናትና ልጅ ከጓሮ ባለችው የእንጨት ቤት ውስጥ ላይኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኢርማ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን መስኮቷ ላይ ትቀመጣለች።

«እማዬ» አለች ማርኒ፣ «አስረኛዋን አስቡባት የምትያቸው ለምንድነው?»

ኢርማ በጭልፋ ውኃ ቀድታ የጋለው ድንጋይ ላይ ቸለሰች። እንፋሎቱ ጣራውን መትቶ ወረደባቸው።

«ቢሮሽ ልኮሽ ነው ወይስ ራስሽ ነሽ የጠየቅሽኝ?»

«ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው ልንገርሽ። አንቺን ስወልድ እኔም ለቅሶ አልተወኝ አለ። ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት፣ ይረዳኛል ብዬ። በሳምንቱ ከመንግሥት ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡና አንቺን ወሰዱሽ። አምስት ወር አክስትሽ ሄልሚ ጋ ነው የቆየሽው። መጀመሪያ ስትስቂ ያየችሽ እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሄልሚ ጋ የቆየሁት ቤት እያደሳችሁ ስለነበር ነው ያልሺኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ኢርማ ፊቷን በእጇ ጠርጋ ቀጠለች።

«መስኮቱ ላይ የተቀመጥኩ ቀን፣ በእኔ እጅ ባለፈ ወረቀት ልጅ ከእናቱ አይለይም ብዬ ማልኩ። ግን ሴቶቹን ሜዳ ላይ አልጣልኳቸውም። ላጲስ የነካውን ወረቀት ወደ መብራት ከፍ አደርገዋለሁ፤ የጠፋው ይነበባል። ዜሮውን እንዳለ አስገባና ለግዌን እደውላለሁ። እነ እገሊት ቤት የሚመዘን ሕፃን አለ እላታለሁ። እሷ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልጨምርላትም። እዚህ አገር እንዲህ ነው የምንሠራው።» ጭልፋውን ባልዲው ውስጥ መለሰች። «ያንቺንም አንብቤዋለሁ።»

ማርኒ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቴን አታለልኩ ብላ ነው የኖረችው። «አይተሽው ዝም አልሺኝ?»

«ዝም አልኩ? ለግዌን ስደውል ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንቺን ብጠይቅሽ ትክጂኝ ነበር። አውቅሻለሁ።»

«የሼልቢስ ወረቀት?»

«ተፍቆ ተፍቆ ተቀዷል» አለች ኢርማ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። «አሁን ግዌንን ወሰድሽብኝ። ለማን ልደውል ማርኒ?»

የእናቷ ውሸት ይሠራ የነበረው በሌላው ጫፍ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ስለነበረ ነው። ማርኒ ስልኩን የምታነሳውን ሰው ሰርዛ ውሸቱን ብቻ አስቀረችው። በእንፋሎቱ ውስጥ ስታለቅስ ኢርማ እንባውን እንደ ላብ ቆጥራ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ጭልፋውን ብቻ አቀበለቻት።

ቦርዱ የተሰበሰበው በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ማርኒ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ስለ ራሴ ብቻ እናገራለሁ፣ የእናቴን ስም አላነሳም፣ ስለ ስልኩም አልተነፍስም ብላ ቆርጣለች። የስልኩ ነገር ከተነሳ ግዌንም ትጠየቃለች። አዳራሹ ውስጥ ገብታ ወንበሯን ስትስብ ግን ከኋላ ረድፍ ላይ ኢርማን አየቻት፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ትመጣለች ብላ አልጠበቀችም ነበር።

ሰብሳቢው አቶ ሬይ ኒስካላ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ዕቅዱን አቅርቢ አሏት። ማርኒ ተነሳች።

«ይህን ዕቅድ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «የፔልቶ ቁጥር ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።»

አለቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በምን አወቅሽ?» አሉ አቶ ኒስካላ።

«እኔም እዚያ ዜሮ ሞልቻለሁ። ዜሮ ግን አልነበርኩም።» ስለ ድንጋዩ ነገረቻቸው። መኪና ውስጥ ስለተኛችው ሕፃን ነገረቻቸው። ከሚሰሟት ሰዎች ግማሾቹ ልጅ ሆና ሲያውቋት የነበሩ ናቸው፤ አንዷ የሒሳብ መምህሯ ነበረች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፣ ሁለት ጊዜ ቀጠለች። ነርሷ ባትመጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ብላ ጨረሰች።

አቶ ኒስካላ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «የኔ ልጅ፣ ይህን ስለነገርሽን እናመሰግንሻለን። ግን ያንቺ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሠንጠረዡ የአራት ዓመት ነው፣ አንቺ እዚህ ውስጥ የለሽም። የአሁኖቹም እንዳንቺ ሸሽገዋል የምንልበት ምን ይዘናል? በስሜት አንወስንም ብለሽ ያስተማርሽን አንቺው ነሽ።»

እውነታቸውን ነው። ያላት ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፣ እሷም ከኋላ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እዚህ ላይ ዝም ብትል እናቷ መስኮቷን ይዛ ትቀራለች፤ ሼልቢም ካፖርቷን ለብሳ ወለሉ ላይ ትቀራለች።

«ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ያው ነው» አለች በመጨረሻ። «ያኔም አሁንም። ከመሙላታቸው በፊት፣ አስረኛዋን አስቡባት፣ ወረቀቱ ሩቅ ነው የሚሄደው ይባላሉ።»

«ማን ነው የሚላቸው?»

አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቢሆንም መጻፍ አለበትና ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ጣቷን የኮምፒውተሯ ፊደል ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

«እናቴ» አለች ማርኒ።

ማንም ወደ ኋላ አልዞረም። ይህን ያደረጉት ለኢርማ ክብር ነው። ኢርማ ራሷ ተነሳች። «እውነት ነው ሬይ፣ ይጻፍ» አለችና ቦርሳዋን ዘግታ፣ በሩን በቀስታ ከፍታ ወጣች።

በአራት ለሦስት ድምፅ ተወሰነ። ግዌን ለአንድ ዓመት ፔልቶ ትቆያለች። መጠይቁ ከእንግዲህ በየቤቱ፣ ነርሷ ባለችበት፣ በቀለም ይሞላል፤ ታሽጎም በቀጥታ ለማርኒ ይመጣል። ኢርማ ደግሞ ከመስኮቱ ትነሳለች። ክሊኒኩ የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍላት ማርኒ በምታዘጋጀው ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ነው። ማርኒ ሪፖርቱን ስትጽፍ «እንግዳ ተቀባይዋ» እያለች ጻፈች፤ እናቴ ብላ ለመጻፍ ቅጹ ቦታ የለውም። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ጀግና ነሽ ብለው ያቀፏት ነበሩ። ጀግና ነሽ በተባለች ቁጥር የሚታያት የተዘጋው ቦርሳ ነው።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ማርኒ በእናቷ ደጅ በመኪና ስታልፍ የሳውናው ጭስ ሲወጣ ታያለች፤ ነይ የሚላት ግን የለም። ኤልሲ «አያቴ ጋ አንሄድም?» ስትላት ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላታለች። እሷም በተራዋ ለልጅ መዋሸት ጀምራለች።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ግዌን የመጀመሪያውን የታሸገ ፖስታ አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችላት። የሼልቢ ነው። አስረኛዋ ጥያቄ ላይ ቀለሙ ወረቀቱን ዘልቆ ከጀርባው ይታያል።

«ትናንት ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ» አለች ግዌን። «መድኃኒትም ተጀምሮላታል። እህቷ መጥታ አብራት እያደረች ነው። ሕፃኗም ጭኗ ላይ ናት። ዛሬ መጋረጃውን ራሷ ከፈተችው።» ሌላ ነገር ሳትጨምር ሄደች።

ማርኒ ቁጥሩን ልታስገባ ሠንጠረዡን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ። ኢርማ ናት።

«ያቺ ልጅ ጻፈች?» አለች፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«እማዬ፣ ልነግርሽ አልችልም። ምስጢር ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። አትንገሪኝ።» የኢርማ ትንፋሽ በስልኩ ይሰማል። «ልጅቷን ወሰዱባት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ማርኒ ፖስታው ላይ በቀይ የተጻፈውን «ምስጢር» የሚል ማስጠንቀቂያ አየችው። እናቷን ለዚህ ደንብ ስትል ነው አሳልፋ የሰጠቻት። ፖስታውን ገለበጠችው።

«አልወሰዱባትም» አለች። «ጭኗ ላይ ናት።»

ከዚያ የኢርማ ድምፅ መጣ፣ የደከመ፣ ማርኒ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሳደርግ ነው የኖርኩት?»

«ለግዌን ስትደውዪ ኖርሽ» አለች ማርኒ።

ኢርማ ስልኩን ዘጋችው። ማርኒ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ፔልቶ የሚለውን መስመር ፈለገች። ዜሮውን አጠፋችና አንድ ብላ ጻፈች።